ሦስት መድኃኒት፣ አንድ ሰውነት፦ ፋርማሲስትን ማማከር ለምን ያስፈልጋል?

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ አንዲት እናት እናስብ። ዕድሜያቸው ስድሳን ተሻግሯል። የደም ግፊታቸውን ለመቆጣጠር ሐኪም ያዘዘላቸውን ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባሉ ሁለት መድኃኒቶች በየማለዳው ሳያቋርጡ ይወስዳሉ። በክረምቱ ብርድ ጉልበታቸው ሲጠዘጥዛቸው ደግሞ፣ ጎረቤታቸው «ለእኔ ፍቱን ሆኖልኛል» ያሏቸውን ዲክሎፌናክ የልጅ ልጃቸውን ልከው ከሰፈሩ መድኃኒት ቤት ያስገዛሉ። ልጁ ስሙን ይናገራል፤ ዋጋውን ይሰማል፤ ገንዘቡን ከፍሎ ክኒኑን ይዞ ይመለሳል። በመስኮቱ በኩል የተነገረው ቃል ይኸው ስምና ዋጋ ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ በክፉ ልብ የተነሣ ሰው የለም። ሐኪሙ ያዘዘው ተገቢውን ነው። ጎረቤትም የመከሩት በቅንነት ነው። እናታችንም ቢሆኑ ሕመማቸውን ለማስታገሥ መሞከራቸው አያስወቅሳቸውም። ሆኖም ሦስቱ መድኃኒቶች በአንድ ሰውነት ውስጥ ሲገናኙ ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ይህን አደጋ ቀድሞ ማየት የሚችለው ሦስቱንም መድኃኒቶች በአንድነት የሚያይ ባለሙያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህ ባለሙያ ማን እንደሆነ፣ የሚያየውም ምን እንደሆነ፣ እኛስ እንዲያይልን ምን ማድረግ እንዳለብን እንመለከታለን።

ሦስቱ መድኃኒቶች በኩላሊት ላይ

እያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉት። እያንዳንዱ ማጣሪያ ደም የሚያስገባለት አንድ ቀጭን የደም ሥር፣ ደም የሚያስወጣለት ደግሞ ሌላ ቀጭን የደም ሥር አለው። ደሙ የሚጣራው በማጣሪያው ውስጥ በቂ ግፊት ሲኖር ነው። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ጨውና ውኃ በሽንት እንዲወጣ ስለሚያደርግ በሥር ውስጥ የሚዘዋወረውን ፈሳሽ ይቀንሳል። ኢናላፕሪል ደግሞ ደም የሚወጣበትን ሥር ያላላል። በዚህ ጊዜ ሰውነት ፕሮስታግላንዲን በተባሉ ንጥረ ነገሮች አማካይነት የመግቢያውን ሥር አስፍቶ ግፊቱን ለመጠበቅ ይሞክራል። ዲክሎፌናክ ሕመምን የሚያስታግሠው ግን የእነዚሁኑ ፕሮስታግላንዲኖች ምርት በመግታት ነው።

እንግዲህ አንድ የውኃ ማጠራቀሚያ እናስብ። ከምንጩ የሚመጣው ውኃ ቀንሷል፤ መግቢያው ጠብቧል፤ መውጫው ሰፍቷል። በማጠራቀሚያው ውስጥ የሚቀረው ግፊት ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። አደጋው በአረጋውያን፣ ቀድሞም ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች፣ እንዲሁም በተቅማጥ ወይም ውኃ ባለመጠጣት ምክንያት ፈሳሽ ባነሳቸው ሕሙማን ላይ ይበረታል።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። ዲክሎፌናክ የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ይችላል። እናታችን በቀጠሯቸው ቀን ሲለኩ ግፊታቸው ጨምሮ ይገኛል። ሐኪሙ የሚያየው የመለኪያውን ቁጥር እንጂ በቤት ውስጥ የተቀመጠውን የጉልበት ክኒን አይደለም። ስለዚህ አራተኛ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። የአንዱ መድኃኒት ጉዳት እንደ አዲስ በሽታ ተቆጥሮ በሌላ መድኃኒት ይታከማል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንባቢያን ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው፣ መፍትሔው የግፊትን መድኃኒት በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ አለመሆኑን ነው። መፍትሔው ሦስተኛው ክኒን ከመገዛቱ በፊት «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» የሚል ጥያቄ መጠየቁና እውነተኛ መልስ ማግኘቱ ነው።

ከማደል ወደ ማማከር

በአገራችን የፋርማሲ ትምህርት በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የተጀመረው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ፣ በአሁኑ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ሥር ነበር። የሙያው ትኩረት ለረጅም ዘመን መድኃኒትን መቀመም፣ ማከማቸትና ማደል ሆኖ ቆየ። በ1990 (እ.ኤ.አ.) ግን ሄፕለርና ስትራንድ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ፋርማሲስት ኃላፊነቱ ትክክለኛውን ክኒን በማስረከብ እንደማያበቃና መድኃኒቱ በሕመምተኛው ላይ ለሚያስገኘው ውጤት ጭምር ተጠያቂ መሆን እንዳለበት አስገነዘቡ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2017 (እ.ኤ.አ.) «መድኃኒት ያለ ጉዳት» የሚል ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሲጀምር፣ በመድኃኒት አጠቃቀም ስሕተት ሳቢያ የሚደርሰው ኪሣራ በዓለም ዙሪያ በዓመት 42 ቢሊዮን ዶላር እንደሚገመት ገልጿል።

የዚህን ትምህርት ፍሬ ከቂርቆስ ሳንወጣ ማየት እንችላለን። በክፍለ ከተማው የሚገኘው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምናን ቀድመው ከጀመሩ የአገራችን ሆስፒታሎች አንዱ ነው። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ ክኒኑን መስጠት ብቻውን እንደማይበቃ በግልጽ የታወቀ ነበር። በዚያን ጊዜ ከ100 ክኒኖች ቢያንስ 95ቱን በሰዓታቸው መውሰድ እንደሚገባ ይመከር ነበር፤ ምክንያቱም በተደጋጋሚ መዝለል ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲላመድ ዕድል ይሰጠዋል። ስለሆነም ምክር የሕክምናው አንድ ክፍል ሆነ። ዛሬ በስፋት የሚሰጠው ዶሉቴግራቪርም የራሱ ምክር አለው። ያለ ምግብ ከብረት ወይም ከካልሲየም ክኒን ጋር ከተወሰደ ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከእነዚህ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ እንዲወሰድ፣ አለዚያም አብረው ከምግብ ጋር እንዲወሰዱ ይመከራል። ነፍሰ ጡር እናቶች የብረት ክኒን የሚታዘዝላቸው በመሆኑ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

«በየ8 ሰዓቱ» እና «በ8 ሰዓት»

በመድኃኒት ማሸጊያ ላይ «1 × 3» ተብሎ ይጻፋል። ጽሑፉ አጭር ነው፤ ትርጉሙ ግን ሰፊ ነው። በቋንቋችን «ሰዓት» የሚለው ቃል የጊዜን ርዝመትም የቀኑን ክፍልም ስለሚያመለክት፣ «በየ8 ሰዓቱ» የተባለውን አንዳንዱ «በ8 ሰዓት» ብሎ ሊሰማው ይችላል። ሌላው ደግሞ ከጧቱ 2፣ ከቀኑ 8 እና ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ይወስዳል። እንዲህ ሲሆን ክፍተቱ 6፣ 6 እና 12 ሰዓት ይሆናል። ከጧቱ 12፣ ከቀኑ 8 እና ከምሽቱ 4 ሰዓት ቢሆን ግን ክፍተቱ በትክክል ስምንት ስምንት ሰዓት ነው።

ልዩነቱ ለምን ያሳስባል? መልሱ «ግማሽ ዕድሜ» በሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ውስጥ ይገኛል። ይህም በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት በግማሽ እስኪቀንስ የሚወስደው ጊዜ ነው። የአሞክሲሲሊን ግማሽ ዕድሜ 1 ሰዓት ገደማ ነው። በ8 ሰዓት ውስጥ ስምንት ጊዜ ስለሚጋመስ የሚቀረው ከ256 እጅ አንድ እጅ ያህል ነው። አሞክሲሲሊን ባክቴሪያን የሚገድለው መጠኑ ከተወሰነ ደረጃ በላይ ሆኖ በቂ ጊዜ ሲቆይ ስለሆነ፣ የክፍተቱ መርዘም ለባክቴሪያው ፋታ ይሰጠዋል። አዚትሮማይሲን በአንጻሩ በሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃል። «ወንድሜ ሦስት ቀን ብቻ ወስዶ ዳነ» ብሎ የራስን መድኃኒት ማቋረጥ ስሕተት የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የመጠን ነገርም እንደ ሰዓቱ ነው። ለሕፃን «አንድ ማንኪያ ሽሮፕ» ሲባል የትኛው ማንኪያ? የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ሲይዝ፣ የሾርባ ማንኪያ 15 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ሦስት እጥፍ ይይዛል። ስለዚህ ከጠርሙሱ ጋር የሚመጣውን መለኪያ መጠቀም፣ ከሌለም ባለሙያውን መጠየቅ ይገባል። እንዲሁም ፓራሲታሞል በራሱ ስም ከመሸጡ ሌላ በበርካታ የጉንፋን መድኃኒቶች ውስጥ ተቀላቅሎ ይገኛል። ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራም ከሆነ ከ8 ክኒን፣ ማለፍ የለበትም። ሁለት ስም ያላቸውን ሁለት መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ግን ሳያውቀው ከዚህ መጠን ሊያልፍና ጉበቱን ሊጎዳ ይችላል።

ማዕዳችንና ጾማችን

ከውጭ አገር የሚመጣ የመድኃኒት መግለጫ ስለ ማዕዳችን የሚለው ነገር የለም። ይህን ክፍተት የሚሞላው የአገሩን ኑሮ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን ከወተት ጋር ከተወሰዱ ካልሲየሙ ይዟቸው ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሰዋል። የብረት ክኒን በሻይ ወይም በቡና ሲወሰድ እንዲሁ ጥቅሙ ይቀንሳል። ለወባ የሚሰጠው ኮአርተም ግን በተቃራኒው ስብ ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በተሻለ ሁኔታ ወደ ደም ይገባል፤ የሚጾም ሕመምተኛ በወተት ፋንታ በዘይት የተሠራ ወጥ መጠቀም ይችላል።

ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰውን ደግሞ እንመልከት። ጎመን በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው፤ ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ሥራ ይቃወማል። ይህ ሰው በሁዳዴ 55 ቀናት ጎመን አብዝቶ ቢበላ የመድኃኒቱ ኃይል ሊቀንስ ይችላል፤ በፋሲካ ማግሥት ጎመኑን ጨርሶ ቢተው ደግሞ ኃይሉ ጨምሮ ለመድማት ሊያጋልጠው ይችላል። ምክሩ ጎመን አትብላ የሚል ሳይሆን፣ መጠኑ ከሳምንት ሳምንት ብዙ እንዳይለዋወጥ የሚል ነው። ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛም በረመዳን ይሁን በሁዳዴ እህል ሳይቀምስ ሲውል ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድበት ይችላል። ስለዚህ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙንና ፋርማሲስቱን ማማከር ይኖርበታል።

ሰፈር ሲለወጥ

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት መኖሪያ ቤቶች ነው። በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሶ፣ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛውረዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቤትና ጎረቤት ብቻ አይደለም የሚለወጠው። ለዓመታት ሕመምተኛውን በመልክ የሚያውቅ፣ «እማማ፣ ያ የግፊት መድኃኒት አላለቀም እንዴ?» ብሎ የሚጠይቅ የመድኃኒት ባለሙያም ወደ ኋላ ይቀራል። በአዲሱ ሰፈር ያለው ፋርማሲስት የቱንም ያህል ብቁ ቢሆን፣ ያለፈውን ታሪክ ካልነገሩት ሊያውቀው አይችልም።

ስለዚህ ታሪኩ በሰው ትውስታ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ላይ መኖር አለበት። የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የሚወሰድበት ሰዓት፣ የተጀመረበት ቀን፣ ከዚህ ቀደም አለርጂ ያስከተለ መድኃኒት ካለም ስሙ በአንድ ገጽ ተጽፎ በቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። የባህል መድኃኒትም አይዘለል። ማንበብና መጻፍ የሚቸግራቸው ወላጆች ያሉን እኛ ተማሪዎች ይህን ገጽ ልንጽፍላቸው እንችላለን። ይህም ካልተቻለ ባዶ ማሸጊያዎቹን በፌስታል ሰብስቦ ወደ ፋርማሲ ይዞ መሄድ ጥሩ ዘዴ ነው።

በመስኮቱ ፊት ምን እንጠይቅ?

አንደኛ፣ ይህ መድኃኒት ለምን ይሰጣል? ሁለተኛ፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ቀን ይወሰዳል? ሦስተኛ፣ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? አራተኛ፣ ከሌሎቹ መድኃኒቶቼ ጋር ይስማማል ወይ? አምስተኛ፣ አንድ ጊዜ ብረሳ ምን ላድርግ? ስድስተኛ፣ ምን ዓይነት የጎንዮሽ ጉዳት ሲታይ ወደ ሐኪም ልመለስ? እርግዝና ወይም ጡት ማጥባት ካለ ሳይጠየቁ መናገር ያስፈልጋል፤ ለምሳሌ ኢናላፕሪል በእርግዝና ጊዜ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል። ከኋላ የተሰለፈው ሰው እንዳይሰማ የሚፈለግ ነገር ካለም «ለብቻ ላነጋግርዎ እችላለሁ?» ማለት አያሳፍርም።

ጥሩ ፋርማሲስት በመጨረሻ «ገባዎት?» ብሎ አይተውም፤ ለዚህ ጥያቄ ሁላችንም «አዎ» ማለት ይቀናናልና። ይልቁንም «እማማ፣ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚወስዱት እስቲ ለእኔ ይንገሩኝ» ይላል። ስሕተት ካለ እዚያው ይታረማል። ባለሙያው ባይጠይቅም እኛው የሰማነውን ደግመን ልንነግረው እንችላለን። መድኃኒቱ ያልተጠበቀ ጉዳት ካስከተለ ደግሞ ለሐኪሙ ወይም ለፋርማሲስቱ መንገር፣ ወይም በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነጻ የስልክ መስመር 8482 ማሳወቅ ይቻላል።

አሁን ወደ እናታችን እንመለስ። የልጅ ልጃቸው ለዲክሎፌናክ ሲላክ የሦስቱን መድኃኒቶች ስም የያዘ ወረቀት ይዞ ቢሄድ ኖሮ፣ ፋርማሲስቱ ለጉልበታቸው የሚቀባ ማስታገሻ ወይም በተገቢው መጠን ፓራሲታሞል ሊያማክራቸው፣ ሕመሙ ካልተሻላቸውም ወደ ሐኪም ሊመልሳቸው ይችል ነበር። ምክሩ የሚወስደው ከጥቂት ደቂቃዎች አይበልጥም። ያ ልጅ ምናልባት ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት አንዱ ሊሆን ይችላል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲላክ ወረቀቱን ይዞ ይሂድ።