መጠነኛ ዋጋ ያለውን ከፊል ክፍት ጊታር ስለ መምረጥ

የአሜሪካው ጊብሰን ኩባንያ በ1958 እ.ኤ.አ. ኢኤስ-335 የተባለውን የኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ ሁለት ጎኑ ክፍት፣ መካከሉ ግን ከአንገቱ ሥር እስከ ግርጌው በእንጨት የተሞላ መሣሪያ በመሥራቱ፣ የክፍቱን ጊታር ልስላሴ ከድፍኑ ጽናት ጋር አዋሐደ። ምሉእ በምሉእ ክፍት የሆነው ጊታር ማጉያው ከፍ ሲል ገላው መልሶ እየተንቀጠቀጠ ያፏጫል፤ ይህን ፉጨት የሚገታው የመካከሉ እንጨት ስለ ሆነ፣ አንዱ መሣሪያ ለጃዝም ለብሉዝም ለሮክም ይታዘዛል።

የጊብሰኑ ዋጋ ግን ለብዙው ሰው የሚቀመስ አይደለም። ደግነቱ የዚያው ኩባንያ ንብረት የሆነው ኤፒፎን ተመሳሳይ ጊታሮችን፣ የጃፓኑ አይባኔዝም በአርትኮር ስም የሚያወጣቸውን በአነስተኛ ዋጋ ያቀርባሉ፤ በእኔ ሐሳብ ለጀማሪም ለመድረክ ተጫዋችም የሚበቁ ናቸው።

ገዢው በውጫዊው ጌጥ ከመማረኩ አስቀድሞ፣ በፊቱ ከተቀደዱት ቀዳዳዎች በአንዱ ወደ ውስጥ ይመልከት፤ የመካከሉ እንጨት እንደ ግድግዳ ሆኖ ከታየው ከፊል ክፍት ነው፣ እይታው ያለ ከልካይ እስከ ማዶ ከዘለቀ ግን ሌላ ዐይነት ነው። ቀጥሎም እያንዳንዱን ክር በየእርከኑ እየመታ፣ የሚንሿሿ ወይም የሚታፈን ድምፅ እንዳለ በጥሞና ያድምጥ። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹንም ከማጉያው ጋር አገናኝቶ በዝግታ ያዙር፤ የሚንጫጫ ካለ ይተወው፤ ምክንያቱም በአብዛኞቹ ላይ ሽቦው ሁሉ የሚወጣውና የሚገባው በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ስለ ሆነ፣ ጥገናው አድካሚ፣ የእጅ ዋጋውም ከባድ ነው።