ከሽያጭ ታክስ ነፃ የሚያደርግ የምስክር ወረቀትና አያያዙ

በዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ የሽያጭ ታክስ የሚጥሉትና የሚሰበስቡት የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን ግዛቶችና የአካባቢ አስተዳደሮች ናቸው። ከ50ዎቹ ግዛቶች 45ቱ እንዲሁም ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን ዲሲ ይህን ታክስ በሕግ ደንግገው ይሠሩበታል። በግዛት ደረጃ የሽያጭ ታክስ የሌላቸው አላስካ፣ ደላዌር፣ ሞንታና፣ ኒው ሃምፕሻየርና ኦሬገን ብቻ ናቸው። በአላስካም ቢሆን አንዳንድ የአካባቢ አስተዳደሮች የራሳቸውን የሽያጭ ታክስ ይሰበስባሉ።

በእነዚህ ግዛቶች የሚገኝ ነጋዴ ከደንበኛው ታክስ ሳይሰበስብ የሚያከናውነውን እያንዳንዱን ሽያጭ በሰነድ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ሰነዱ ከሽያጭ ታክስ ነፃ የሚያደርግ የምስክር ወረቀት ሲሆን፣ ሞልቶና ፈርሞ ለሻጩ የሚሰጠው ገዢው ነው። በአብዛኛው አንድ ገጽ የማይበልጠው ይህ ወረቀት በአግባቡ ሳይያዝ ሲቀር ግን የአንድን ድርጅት የዓመት ትርፍ ሊያሳጣ የሚችልበት ሁኔታ አለ።

የምስክር ወረቀቱ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት የሽያጭ ታክስን ከተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር ማነፃፀር ይጠቅማል። ኢትዮጵያ ቀድሞ ትሠራበት የነበረውን የሽያጭ ታክስ በተጨማሪ እሴት ታክስ የተካችው በአዋጅ ቁጥር 285/1994 ሲሆን፣ አፈጻጸሙም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር። ይኸው አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1341/2016 ተተክቷል። በተጨማሪ እሴት ታክስ ሥርዓት ታክሱ በእያንዳንዱ የግብይት ደረጃ ይከፈላል። ለምሳሌ በ100 ሺህ ብር ዕቃ የገዛ የተመዘገበ ነጋዴ በ15 በመቶ ስሌት 15 ሺህ ብር ታክስ ይከፍላል። ዕቃውን በ130 ሺህ ብር ሲሸጥ ደግሞ 19 ሺህ 500 ብር ይሰበስብና አስቀድሞ የከፈለውን በማቀናነስ 4 ሺህ 500 ብር ለመንግሥት ገቢ ያደርጋል።

በአሜሪካ ግን የሽያጭ ታክስ የሚሰበሰበው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይኸውም ዕቃው ለመጨረሻው ተጠቃሚ ሲሸጥ ነው። የሚቀናነስ ታክስ የሚባል ነገር የለም። በመሆኑም ቸርቻሪው ከጅምላ ነጋዴ ሲገዛ ታክስ እንዳይከፍል ዕቃውን መልሶ የሚሸጠው መሆኑን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። በኢትዮጵያ በደረሰኝና በማቀናነስ የሚከናወነው ተግባር በአሜሪካ በዚህ ወረቀት አማካይነት ይፈጸማል ማለት ነው።

ከታክስ ነፃ የሚያደርጉ ምክንያቶች በሦስት ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ከላይ የተጠቀሰው ለዳግም ሽያጭ የሚደረግ ግዢ ነው። ሁለተኛው የገዢው ማንነት ሲሆን፣ የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች እንዲሁም እንደየግዛቱ ሕግ የሃይማኖት፣ የትምህርትና የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በዚህ ሥር ይጠቃለላሉ። ሦስተኛው ዕቃው የሚውልበት አገልግሎት ነው። በብዙ ግዛቶች ለፋብሪካ ማምረቻ ወይም ለግብርና የሚውሉ የተወሰኑ ግብአቶችና መሣሪያዎች ከታክስ ነፃ ይደረጋሉ። አንድ ድርጅት በአንድ ግዛት ነፃ መሆኑ በሌላው ግዛትም ነፃ ያደርገዋል ማለት እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል።

በሕጉ መነሻ ግምት ማንኛውም የዕቃ ሽያጭ ታክስ የሚከፈልበት ነው። ነፃ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የሚያርፈው በሻጩ ላይ ነው። በኦዲት ወቅት የምስክር ወረቀቱን ማቅረብ ያልቻለ ሻጭ ከደንበኛው ያልሰበሰበውን ታክስ ከወለድና ከመቀጫ ጋር ከራሱ ኪስ እንዲከፍል ይደረጋል። በቴክሳስ የግዛቱ የሽያጭ ታክስ 6.25 በመቶ ሲሆን፣ የአካባቢ አስተዳደሮች ድርሻ ሲጨመርበት እስከ 8.25 በመቶ ይደርሳል። በዚህ ጣሪያ ስሌት የ40 ሺህ ዶላር ዕቃ ያለ ሰነድ ከታክስ ነፃ የሸጠ ጅምላ ነጋዴ 3 ሺህ 300 ዶላር ይጠየቃል። ነጋዴው ከሽያጩ ያገኘው ትርፍ 5 በመቶ ቢሆን ትርፉ 2 ሺህ ዶላር ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ወረቀት በመጥፋቱ የተነሳ ሽያጩ ወደ ኪሳራ ይለወጣል።

ጉዳቱ በአንድ ሽያጭ ላይ ብቻ ተወስኖ ላይቀርም ይችላል። የታክስ ኦዲተሮች የድርጅቱን ሰነዶች በሙሉ ከመመርመር ይልቅ ብዙውን ጊዜ ናሙና ወስደው ያገኙትን ጉድለት በኦዲቱ ዘመን ላይ ያሰላሉ። በናሙናው ውስጥ ከታክስ ነፃ ከተመዘገበው ሽያጭ 10 በመቶው ሰነድ ካልተገኘለት፣ ይኸው 10 በመቶ በበርካታ ዓመታት ሽያጭ ላይ ተሰልቶ ሊጠየቅ ይችላል። በናሙናው ውስጥ የጎደሉ ጥቂት ወረቀቶች በጠቅላላው ሒሳብ ላይ ከፍተኛ ለውጥ የሚያመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ የምስክር ወረቀት የተሟላ ነው የሚባለው የገዢውንና የሻጩን ስምና አድራሻ፣ የገዢውን የምዝገባ ቁጥር፣ ነፃ የሚያደርገውን ምክንያት፣ የዕቃውን ወይም የገዢውን የንግድ ሥራ ዓይነት፣ ቀኑንና የገዢውን ፊርማ ሲይዝ ነው። ዝርዝሩ ከግዛት ግዛት በመጠኑ ይለያያል። ወረቀቱ ለአንድ ግዢ ብቻ ወይም በተከታታይ ለሚደረጉ ተመሳሳይ ግዢዎች ሊሰጥ ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር ግዛቶቹ ወጥ የሆነ አሠራር የሌላቸው መሆኑ ነው። በፍሎሪዳ ለዳግም ሽያጭ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት በየዓመቱ የሚታደስ ሲሆን፣ ዲሴምበር 31 ቀን አገልግሎቱ ያበቃል። በዋሽንግተን ግዛት የታክስ መሥሪያ ቤቱ ራሱ የሚሰጠው የዳግም ሻጭ ፈቃድ በአብዛኛው ለ4 ዓመት ያገለግላል። በኮኔቲከት ለተከታታይ ግዢ የሚሰጠው ወረቀት ለ3 ዓመት የሚጸና ሲሆን፣ በቴክሳስ ግን የዳግም ሽያጭ ወረቀት የተወሰነ የማብቂያ ቀን የለውም። በኒው ዮርክ ሻጩ ወረቀቱን ዕቃው ከተረከበ በኋላ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ መቀበል አለበት።

ይህን ልዩነት ለማጥበብ የተደረጉ ጥረቶች አሉ። የግዛቶች የጋራ የታክስ ኮሚሽን ያዘጋጀው ወጥ የምስክር ወረቀት ከ30 በላይ በሆኑ ግዛቶች ተቀባይነት አለው። ከዚህም ሌላ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 1 ቀን 2005 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የተቀናጀ የሽያጭ ታክስ ስምምነት 24 ግዛቶችን በአባልነት አቅፏል። በስምምነቱ መሠረት ሻጩ በ90 ቀናት ውስጥ የተሟላ የምስክር ወረቀት ከተቀበለ ከኃላፊነት ነፃ ይሆናል፤ ገዢው የሰጠው ምክንያት ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ግዛቱ የሚጠይቀው ገዢውን ነው። ሻጩ ወረቀቱን በወቅቱ ባይቀበል እንኳ በኦዲት ሲጠየቅ ጉድለቱን የሚያሟላበት የ120 ቀናት ጊዜ ይሰጠዋል። ሻጩ በማጭበርበሩ ተካፋይ ከሆነ ግን ይህ ጥበቃ አይደረግለትም።

የምስክር ወረቀት አያያዝ ይበልጥ የተወሳሰበው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2018 በሰጠው ውሳኔ ነው። እስከዚያ ድረስ፣ በ1992 በተሰጠ ውሳኔ መሠረት፣ አንድ ነጋዴ በግዛቱ ውስጥ መደብር፣ መጋዘን ወይም ሠራተኛ ከሌለው ለዚያ ግዛት የሽያጭ ታክስ እንዲሰበስብ አይገደድም ነበር። የሳውዝ ዳኮታ ግዛት ዌይፌር በተባለው የኢንተርኔት ሽያጭ ኩባንያና በሌሎች ላይ ባቀረበችው ክስ ፍርድ ቤቱ ይህን ሥርዓት ለውጦታል። በክሱ ወቅት የነበረው የግዛቷ ሕግ በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የሸጠ ወይም 200 ሽያጭ ያከናወነ የሩቅ ነጋዴ ታክስ እንዲሰበስብ የሚያዝ ነበር። ከውሳኔው በኋላ ሌሎች ግዛቶችም ተመሳሳይ ሕግ አውጥተዋል። በዚህም የተነሳ ቀደም ሲል የአንድ ግዛት ወረቀት ብቻ ይይዝ የነበረ ድርጅት ዕቃ ለሚልክባቸው ግዛቶች ሁሉ የየራሳቸውን ሰነድ መያዝ ግድ ሆኖበታል።

በአግባቡ የሚሠራ ድርጅት ሥራውን በቅደም ተከተል ያከናውናል። በመጀመሪያ፣ ታክስ የሌለው የሽያጭ ደረሰኝ ከመዘጋጀቱ በፊት ወረቀቱን ከደንበኛው ይቀበላል። ቀጥሎ ወረቀቱ በሁሉም ቦታ የተሞላና የተፈረመ መሆኑን፣ በአብዛኛውም ዕቃው በሚደርስበት ግዛት ተቀባይነት ያለው መሆኑን ያረጋግጣል። ቴክሳስ፣ ካሊፎርኒያና ፍሎሪዳን የመሳሰሉ ግዛቶች የገዢውን ቁጥር በኢንተርኔት ለማጣራት የሚያስችል አገልግሎት አላቸው። በሦስተኛ ደረጃ የተገዛው ዕቃ ከገዢው ሥራ ጋር የሚጣጣም መሆኑ ይታያል። የአበባ ሻጭ የመኪና ጎማ ለዳግም ሽያጭ እገዛለሁ ቢል ሻጩ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱ በደንበኛው ማኅደር ይቀመጣል፣ የማብቂያ ቀኑም ይመዘገባል። ጊዜው ከማለፉ በፊት ለደንበኛው ደብዳቤ ወይም ኢሜይል ተልኮ አዲስ ወረቀት ይጠየቃል። አዲሱ ወረቀት እስኪመጣ ድረስ ለሚደረገው ሽያጭ ታክስ ማስከፈል ለሻጩ አስተማማኙ መንገድ ነው። ሰነዱ የሚቆይበት ጊዜ መቆጠር ያለበት ወረቀቱ ከተፈረመበት ቀን ሳይሆን በወረቀቱ መሠረት ከተደረገው የመጨረሻ ሽያጭ ነው። ከ10 ዓመት በፊት የተፈረመ ወረቀት ዛሬም ለሚደረግ ሽያጭ መነሻ ከሆነ አርጅቷል ተብሎ አይጣልም።

ኃላፊነቱ የሻጩ ብቻ አይደለም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ባለሱቆች ለዚህ ጥሩ ማሳያ ይሆናሉ። አንድ ባለሱቅ የአገር ባህል ልብስና ጀበና ከአስመጪ ሲገዛ የዳግም ሽያጭ ወረቀት በመስጠት ታክስ አይከፍልም፤ ለደንበኛ ሲሸጥ ግን ታክስ ይሰበስባል። ከዕቃው አንዱን ጀበና ለቤቱ ቢወስድ የመጠቀሚያ ታክስ የሚባለውን ራሱ አስልቶ መክፈል ይኖርበታል። ለሱቁ የሚገዛው መደርደሪያና ወንበርም ለሽያጭ ስላልሆነ በወረቀቱ ሊገዛ አይችልም። ታክስ ለመሸሽ ሲባል ወረቀቱን መጠቀም በቴክሳስ እንደ ገንዘቡ መጠን ከቀላል ጥፋት እስከ ከባድ ወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል።

ለመንግሥት ሠራተኞችና ኃላፊዎች በቀጥታ የሚያገባው የዲፕሎማቲክ ነፃነት ነው። በአሜሪካ ለሚገኙ ኤምባሲዎችና ለሠራተኞቻቸው ከሽያጭ ታክስ ነፃ የሚያደርግ ካርድ የሚሰጠው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ የውጭ ሚሲዮኖች ጽሕፈት ቤት ነው። የጉጉትና የጎሽ ምስል ያለባቸው ካርዶች ለሚሲዮኑ የሥራ ግዢ የሚያገለግሉ ሲሆን፣ የንስርና የአጋዘን ምስል ያለባቸው ደግሞ ለግል ግዢ ይውላሉ። ጎሽና አጋዘን ያለባቸው ካርዶች በላያቸው የተጻፈ ገደብ አላቸው። በሚሲዮኑ ካርድ የሚፈጸም ግዢ ለሚሲዮኑ ሥራ የሚውልና በሚሲዮኑ ገንዘብ የሚከፈል መሆን አለበት። ካርዱ ለሌላ ሰው አይተላለፍም። ስለሆነም የሚሲዮን የፋይናንስ ሠራተኛ በካርዱ የተፈጸመውን ግዢ ከደረሰኙና ከክፍያ ማስረጃው ጋር አያይዞ ቢይዝ ጥያቄ በተነሳ ጊዜ ተገቢውን መልስ ለመስጠት ያስችለዋል።

የታክስ ሥርዓቱ ከአገር አገር ቢለያይም ነፃ የማድረግ መብት ከሰነድ ተለይቶ እንደማይታይ የአሜሪካ ግዛቶች አሠራር ያሳያል። መብቱን የሚሰጠው ሕጉ ቢሆንም በኦዲተር ፊት የሚያጸናው በወቅቱ የተሞላ፣ የተጣራና በቦታው የተቀመጠ ወረቀት ነው። ታክስ ሰብሳቢው አካል ግልጽ ቅጽና የማጣሪያ ዘዴ ሲያዘጋጅ፣ ሻጩ ሰነዱን ሲጠብቅና ገዢውም እውነቱን ሲያስመዘግብ ሕጋዊው ነጋዴ ያልሰበሰበውን ታክስ ከመክፈል ይድናል፤ መንግሥትም ሊያጣው የማይገባውን ገቢ ያስጠብቃል።