ሯጩ በምን ይነሳል፣ በምን ይቆያል?

ወልድያ ተራራ የከበባት ከተማ ናት። ከደሴ ወደ መቀሌ የሚያልፈው አስፋልት መሃል ለመሃል ያቋርጣታል፤ ወደ ላሊበላ የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ ከከተማዋ ወጣ እንዳለ የድልብን ዳገት ይያያዘዋል። እዚህ ለሶምሶማ የወጣ ሰው ብዙም ሳይርቅ አቀበት ይገጥመዋል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወረድ ብላ የምትገኘው የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ መርሳ አየሯ ወፈር ይላል፤ ግን ሙቀቷ ይብሳል፣ ፀሐይዋም ሯጭን ገና በጠዋቱ ታባርራለች።

ታዲያ ማንም ሳያስገድደው፣ ሽልማትም ሳይጠብቅ፣ ሰው ሞቃት አልጋውን ትቶ ወደዚህ ዳገት የሚወጣው ለምንድን ነው?

በአገራችን ስለ ሩጫ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ሜዳሊያ ያዘነብላል። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ወዲህ ሩጫ የአገር ክብር ሆኖ ኖሯል። ወልድያም በጥር 2009 ዓ.ም. የተመረቀ፣ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝና የሩጫ መም ያለው ስታዲየም አላት። ነገር ግን ለሳይንሱ ከሻምፒዮኑ የማይተናነስ ትልቅ ጥያቄ የሚያነሳው ተራው ሯጭ ነው። ሐኪሙ «ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ተንቀሳቀስ» ያለው ባለ ሱቅ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምትውል የቢሮ ሠራተኛ፣ ለፖሊስ ቅጥር የአካል ብቃት ፈተና የሚዘጋጅ ወጣት፣ ሌሊቱ አልነጋ ያለው ሰው፤ እነዚህ ሁሉ ለየራሳቸው ምክንያት ነው ጫማቸውን የሚያስሩት።

ምክንያቶቹን በሥርዓት ለመለካት ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኬቪን ማስተርስና ቤንጃሚን ኦግልስ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ለማራቶን ሯጮች 56 ነጥቦች ያሉት መጠይቅ አዘጋጁ፤ መልሶቹም በዘጠኝ ዓይነት ምክንያት ተመደቡ። ጤና፣ ክብደት፣ ውድድር፣ በሰው ዘንድ መታወቅ የሚጠበቁ ናቸው። የሚያስገርሙት ቀሪዎቹ ናቸው፦ ከሰው ጋር መሆን፣ ጭንቀትን መቋቋም፣ በራስ መተማመን፣ ለራስ የገቡትን ቃል መፈጸም፣ እንዲያውም ለሕይወት ትርጉም መፈለግ። በዚያ ላይ ብዙ ሯጮች አንድ ብቻ ሳይሆን የተደራረበ ምክንያት ነው ያላቸው።

አዲስ ሯጮች ዘንድ በብዛት የሚሰማው ግን አንድ ነው፦ ቦርጭ። ይህ ምክንያት ሰውን ከቤት ለማስወጣት ኃይለኛ ነው፤ ለማቆየት ግን ደካማ ነው፤ ለምን እንደሆነም ሒሳቡ ያሳያል። በግርድፉ ሲሰላ፣ አንድ ሰው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ አንድ ኪሎ ካሎሪ ያህል ያቃጥላል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው አምስት ኪሎ ሜትር ሲሮጥ 350 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ደግሞ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል። ምግቡን ሳይጨምር፣ አንድ ኪሎ ስብ ለማቃጠል ይህንኑ ርቀት 22 ጊዜ መሮጥ አለበት ማለት ነው። ሩጫው ደግሞ የምግብ ፍላጎትን ሊከፍት ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት ሚዛን ላይ የወጣ ሰው ለውጥ ሲያጣ «አልሠራልኝም» ብሎ ያቆማል። በዚያው ጊዜ ውስጥ ግን ሚዛኑ የማያሳየው ሥራ ተጀምሯል፤ ጡንቻው ስኳርን ከደም የመሳብ ችሎታው ጨምሯል፣ የደም ግፊቱም ወደ መውረዱ አዘንብሏል።

ኤድዋርድ ዴሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ሊቃውንት ለአሥርተ ዓመታት ያጠኑት ሰውን የሚያነሳሳውና የሚያቆየው ምን እንደሆነ ነው። ሰው አንድን ነገር ለውጤቱ ሲል ሊያደርገው ይችላል፤ ለነገሩ ለራሱ ሲልም ሊያደርገው ይችላል። በአካል ብቃት እንቅስቃሴ ላይ የተደረጉት ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት፣ መልክን ብቻ ብለው የጀመሩ ሰዎች ቶሎ ያቆማሉ፤ ደስታውን ያገኙበት፣ ችሎታቸው ሲያድግ ያዩበት፣ ወዳጅ ያፈሩበት ግን ይቆያሉ። እንግዲህ ዋናው ነገር በየትኛው ምክንያት መጀመሩ አይደለም። ሰውየው በመጀመሪያው ምክንያትና በሁለተኛው መካከል ያለውን ምድረ በዳ እንዴት ይሻገራል የሚለው ነው።

የታላላቆቹ ሯጮች ታሪክ ራሱ ይህንን ይመሰክራል። በትግራይ ያደገችው ለተሰንበት ግደይ በልጅነቷ መሮጥ አትወድም ነበር። በስፖርት ክፍለ ጊዜ አልሮጥም በማለቷ ከትምህርት ቤት ተባርራ፣ የተመለሰችው ትምህርት ቤቱን ወክላ ለመወዳደር ስትስማማ ነው። ያቺው ልጅ ከጥቅምት 2020 እስከ ጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ሦስት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበረች፦ 5,000 ሜትርን በ14 ደቂቃ ከ6.62 ሰከንድ፣ 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ1.03 ሰከንድ፣ ግማሽ ማራቶንን በ1 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ። ጥሩነሽ ዲባባም ከበቆጂ አዲስ አበባ የመጣችው ለትምህርት ነበር። የምዝገባው ጊዜ አልፎ ስለጠበቃት ወደ ሩጫው አዘነበለች። ኃይሌ ገብረሥላሴ ደግሞ ከቤቱ ትምህርት ቤት አሥር ኪሎ ሜትር ሄዶ አሥር ኪሎ ሜትር የሚመለሰው ደወል እንዳያመልጠው ነበር እንጂ ክብረ ወሰን አስቦ አልነበረም።

የኃይሌ ነገር ብቻውን አይደለም። ሮበርት ስኮትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት 114 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን አትሌቶችን ጠይቀው ነበር። ከማራቶን ሯጮቹ 68 በመቶ የሚሆኑት በልጅነታቸው ትምህርት ቤት የሚሄዱት እየሮጡ እንደነበር ተናገሩ፤ ይህም ከሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ የበለጠ ነው። ለእነዚህ ልጆች ሩጫ መጓጓዣ ነበር። ፍቅሩ የመጣው ኋላ ነው።

ፍቅሩ ከየት ይመጣል?

ለረጅም ጊዜ መልሱ «ኢንዶርፊን» የሚል ነበር። ኢንዶርፊን ሰውነት ራሱ የሚያመርተው፣ እንደ ሞርፊን ሕመምን የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር ነው። ሲሮጡ በደም ውስጥ መጨመሩ እውነት ነው። ችግሩ ሞለኪዩሉ ትልቅ በመሆኑ በደምና በአንጎል መካከል ያለውን አጥር በቀላሉ አለማለፉ ነው። ስለዚህ በደም ውስጥ መብዛቱ ብቻውን ስለ ስሜት ብዙ አይነግረንም። በጀርመን ሐምቡርግ ዮሐንስ ፉስና ባልደረቦቹ ጉዳዩን በቀጥታ ፈተሹት። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጥናታቸው 63 ሰዎችን አሮጡ፤ በሙከራውም የኢንዶርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ተጠቀሙ። ኢንዶርፊን የደስታው ምንጭ ቢሆን ኖሮ ደስታው በጠፋ ነበር። አልጠፋም። መድኃኒቱን የወሰዱት ሯጮችም ዘና አሉ፣ ጭንቀታቸውም ቀነሰ። በደማቸው ውስጥ ግን ኢንዶካናቢኖይድ የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ከፍ ብለው ተገኙ። እነዚህ በስብ የሚሟሙ ትናንሽ ሞለኪዩሎች ስለሆኑ ወደ አንጎል ለመግባት አይቸገሩም።

ከዚህ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ ዴቪድ ራይክለን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ ሰዎችን፣ ውሾችንና ፌሬት የተባሉ ትናንሽ እንስሳትን በመሮጫ ማሽን ላይ አሩጦ ደማቸውን መርምሯል። በሰውና በውሻ ደም ውስጥ ኢንዶካናቢኖይዱ ጨመረ፤ ረጅም ርቀት የመሮጥ ልማድ በሌለው በፌሬት ግን አልጨመረም። ይህ ግኝት ዴኒስ ብራምብልና ዳንኤል ሊበርማን እ.ኤ.አ. በ2004 ካቀረቡት ሐሳብ ጋር ይገጥማል፦ የሰው ልጅ አካል ለረጅም ሩጫ ተቀርጿል። ረጅሙ የተረከዝ ጅማት፣ ሲሮጡ ሰውነት ወደ ፊት እንዳይደፋ የሚይዘው ትልቁ የመቀመጫ ጡንቻ፣ ሙቀትን በላብ የማስወጣት ልዩ ችሎታ፤ እነዚህ ሁሉ ለሯጭ የሚጠቅሙ ናቸው። ያ አካል በዝግመተ ለውጥ የተቀረጸው ደግሞ እዚሁ በአፍሪካ ምድር ነው።

ነገር ግን ይህ የደስታ ሽልማት በመጀመሪያው ቀን አይከፈልም። ጀማሪው የሚሠራው ትልቁ ስሕተት መፍጠን ነው። እንቅስቃሴው ከአንድ ደረጃ አልፎ ትንፋሽ ሲያጥርና ጡንቻ ሲቃጠል ስሜቱ ወደ መጥፎ ይገለበጣል፤ ይህም በብዙ ጥናት ታይቷል። በእንቅስቃሴው መካከል ጥሩ ስሜት የተሰማቸው ሰዎች ከስድስት ወርና ከዓመት በኋላም የመንቀሳቀስ ዕድላቸው የበለጠ ነው። ወልድያን በመሰለ ዳገታማ ከተማ ደግሞ መፍጠን ቀላል ነው፤ አቀበቱ ራሱ ሳያስቡት ልብን ያፈጥናል። መለኪያው መሣሪያ አይጠይቅም። እየሮጡ ከጎን ካለ ሰው ጋር ማውራት ከተቻለ ፍጥነቱ ልክ ነው። ካልተቻለ መራመድ ያስፈልጋል፤ ዳገቱን በእግር መውጣት ደግሞ ምንም ነውር የለበትም።

ጥቅሙም ብዙ ሩጫ አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣና 55 ሺህ ያህል አሜሪካውያንን ለ15 ዓመት የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ የሚሮጡት በማናቸውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው ከማይሮጡት በ30 በመቶ፣ በልብና በደም ሥር ሕመም የመሞት ዕድላቸው ደግሞ በ45 በመቶ ያነሰ ነበር። በቀን ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ብቻ፣ በዝግታ የሚሮጡትም የጥቅሙ ተካፋይ ሆነዋል። እንዲህ ያለ ጥናት ሩጫው ብቻውን ልዩነቱን እንዳመጣ አያረጋግጥም፤ የሚሮጥ ሰው በሌላውም ነገር ጤናውን ጠባቂ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሰዓት የለኝም ለሚል ሰው ይህ ትልቅ ዜና ነው።

ወልድያ ባለችበት በሰሜን ወሎ ስለ ሩጫ ሲጻፍ አእምሮን መዝለል አይቻልም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነት ውስጥ ነበሩ፤ ከዚያም በኋላ የአማራ ክልል ሙሉ ሰላም አላገኘም። ቤተሰብ የተለየው፣ ቤቱ የተዘረፈበት፣ ድንገተኛ ድምፅ የሚያስበረግገው ብዙ ነው። እንቅስቃሴ ለተጨነቀ አእምሮ ምን ያህል እንደሚረዳ ከሚያሳዩት ጥናቶች ታዋቂው በዱክ ዩኒቨርሲቲ ጄምስ ብሉመንታል የመራውና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ነው። በጥናቱ የተሳተፉት በድባቴ የተያዙ 156 ሰዎች ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበር። አንዱ ቡድን በሳምንት ሦስት ቀን እንቅስቃሴ ሠራ፤ ሌላው ሰርትራሊን የተባለውን መድኃኒት ወሰደ፤ ሦስተኛው ሁለቱንም አጣመረ። መድኃኒቱ ፈጥኖ ሠራ፤ ከ16 ሳምንት በኋላ ግን ሦስቱም ቡድኖች ተቀራራቢ መሻሻል አሳዩ። ይህ ማለት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ትቶ ይሩጥ ማለት አይደለም፤ በጦርነት የቆሰለ አእምሮም ሐኪምና አማካሪ ይፈልጋል። ቢሆንም ባለሙያው ጥቂት በሆነበት አካባቢ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ተጨማሪ መድኃኒት በእጅ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያቆየው ሰው ነው። ሲናን አራልና ክሪስቶስ ኒኮላይደስ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ዙሪያ የ1.1 ሚሊዮን ሯጮችን የአምስት ዓመት መረጃ መርምረው፣ ጓደኞች አንድ ኪሎ ሜትር ሲጨምሩ ሰውየውም በዚያው ቀን 300 ሜትር ያህል እንደሚጨምር አገኙ። ኢትዮጵያውያን ሯጮች ይህን ካወቁት ቆይቷል። ከአገራችን ሯጮች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ አብሮ የኖረውና የሮጠው ብሪታንያዊው አንትሮፖሎጂስት ማይክል ክራውሊ እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተመው መጽሐፉ ደጋግሞ የሚያነሳው ይህንን ነው፦ እዚህ ብቻውን የሚሮጥ አትሌት እምብዛም አይታይም፤ ለመሻሻል የሚፈልግ ከፊቱ ያለውን ሰው እግር ተከትሎ ይሮጣል።

ለሴቶች ደግሞ አብሮ መሮጥ ከልምምድ ያለፈ ነገር ነው። በትናንሽ ከተሞቻችን ብቻዋን በጎሕ የምትሮጥ ሴት ዓይን ይበዛባታል፣ ሥጋትም አለባት። ሦስት ወይም አራት ሆነው ሲወጡ መንገዱ የእነሱም ይሆናል። መሪዎቻችን ስለ ጤና ሲያስቡ ከአዳራሽና ከሐውልት በፊት መብራት ያለው የእግር መንገድና ሰላማዊ ንጋት ቢያስቡ መልካም ነበር። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የተጀመረው «መንገድ ለሰው» የተባለው ወርሃዊ ዝግጅት፣ መንገዱ ለጥቂት ሰዓታት ከመኪና ነጻ ሲሆን አዛውንትም ሕፃንም እንዴት እንደሚወጣ አሳይቷል።

ለጀማሪው የቀረው ጥያቄ «እስከ መቼ ነው የሚከብደኝ?» የሚለው ነው። ለንደን ውስጥ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎች አንድ አዲስ ልማድ እንዲይዙ አድርገው ተከታትለዋል፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ወጣ። ነገሩ ያለ ሐሳብ የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ወሰደ፤ ለአንዳንዱ ግን 18 ቀን በቅቶታል፣ ለሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚወስድ ተገምቷል። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ በልማዱ ላይ የጎላ ጉዳት አላስከተለም።