የአዋሽ ተፋሰስ የጋራ ጥበቃ በአዳማ አካባቢ

የአዋሽ ተፋሰስ የጋራ ጥበቃ በአዳማ (ናዝሬት) ዙሪያና በኦሮሚያ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አካባቢ የሚኖሩ ገበሬዎች፣ የከተማ ነዋሪዎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ወደ አዋሽ ወንዝ የሚፈሰውን ውሃና አፈር በኅብረት የሚንከባከቡበት ሥራ ነው። ሥራው እርከን መሥራትን፣ ቦረቦር መድፈንን፣ የተራቆተ ተዳፋት ከግጦሽ መከልከልን፣ ችግኝ መትከልንና ፍሳሽን መቆጣጠርን ያካትታል። አዋሽ ለአዳማ የመጠጥ ውሃ፣ ለወንጂና ለመተሐራ የሸንኮራ አገዳ መስኖ፣ ለቆቃ ደግሞ የኤሌክትሪክ ኃይል ምንጭ ስለሆነ የላይኛው ገበሬ በማሳው የሚሠራው ሥራ ከታች ላለው ሕዝብ በቀጥታ ይተርፋል።

ትርጉም

ተፋሰስ ማለት በላዩ የዘነበው ዝናብ ሁሉ ተሰብስቦ ወደ አንድ ወንዝ፣ ሐይቅ ወይም መውጫ የሚፈስበት የመሬት ክልል ነው። ወሰኑ የቀበሌ ወይም የወረዳ ድንበር አይደለም፤ ዝናቡን ወደ ሁለት አቅጣጫ የሚከፍለው የተራራና የኮረብታ ጫፍ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ተፋሰስ ብዙ ቀበሌዎችን ሊያቋርጥ ይችላል፤ በአንድ ቀበሌ ውስጥም ብዙ ትናንሽ ተፋሰሶች ሊኖሩ ይችላሉ። ትናንሾቹ ተደምረው ትልቁን የአዋሽ ተፋሰስ ይሠራሉ።

መልክዓ ምድር

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሣል። የበቾን ሜዳ አቋርጦ ወደ ቆቃ ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያ በወንጂ፣ በመተሐራና በአፋር በኩል አልፎ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ርዝመቱ ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር፣ የተፋሰሱ ስፋት ደግሞ ወደ 110,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከገባሮቹ መካከል የአዲስ አበባን ፍሳሽ ተሸክሞ የሚመጣው የአቃቂ ወንዝና በሞጆ ከተማ በኩል የሚያልፈው የሞጆ ወንዝ ይገኙበታል።

አዳማ ከአዲስ አበባ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በደቡብ ምሥራቅ ትገኛለች። ከተማዋ በኮረብቶች የተከበበ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተቆረቆረች ናት። አብዛኛው ዝናብ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በአጭር ጊዜ በኃይል የሚወርድ በመሆኑ፣ ኮረብቶቹ ሲራቆቱ ውሃው ወደ መሬት ሳይሰርግ በጎርፍ መልክ ወደ ከተማው ዝቅተኛ ሰፈሮች ይወርዳል።

ጥበቃው ለምን አስፈለገ?

ደለል፦ የቆቃ ግድብ የተመረቀው በ1952 ዓ.ም. (1960 እ.ኤ.አ.) ሲሆን ወጪው ጣሊያን ለኢትዮጵያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተሸፍኗል። የማመንጨት አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ከእርሱ በታች አዋሽ 2 እና አዋሽ 3 የተባሉት ጣቢያዎች ይኸንኑ ውሃ ዳግም ይጠቀሙበታል። ከላይኛው ተፋሰስ ታጥቦ የሚመጣው አፈር ግን በሐይቁ ወለል ላይ ስለሚተኛ የመያዝ አቅሙ በብዙ ቀንሷል። አቅሙ ሲቀንስ የክረምቱን ውሃ ለበጋ ማቆየት ያስቸግራል፤ ጎርፍ ሲበዛ ደግሞ ውሃው ቶሎ መለቀቅ ይኖርበታል። በ2012 ክረምት ማብቂያና በ2013 ዓ.ም. መባቻ አዋሽ ሞልቶ በኦሮሚያና በአፋር ብዙ ሰው አፈናቅሏል።

የመጠጥ ውሃ፦ በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የተባለው ንጥረ ነገር በብዙ ቦታ ከመጠን በላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ውሃ ለዓመታት ሲጠጣ በመጀመሪያ የልጆችን ጥርስ ያቡናል፤ መጠኑ ሲጨምር ደግሞ አጥንትን ይጎዳል። የወንጂ አካባቢ በዚህ ችግር ለረጅም ጊዜ ሲጠና የቆየ ነው። ስለዚህ ለአዳማና ለአካባቢዋ ጉድጓድ መቆፈር ሁልጊዜ መፍትሔ አይሆንም። ፍሎራይዱ አነስተኛ የሆነው የአዋሽ ውሃ ከተበከለ በምትኩ የሚጠጣ ውሃ በቅርብ ማግኘት ይከብዳል።

ፍሳሽና አረም፦ የሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች፣ ሌሎች ኢንዱስትሪዎች፣ የከተማ ፍሳሽና ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያ ወደ ገባሮቹ ይገባሉ። ማዳበሪያው በውሃው ውስጥ የሚበቅሉ ተክሎችንም ይመግባል። እምቦጭ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው በ1965 እ.ኤ.አ. በቆቃ ሐይቅና በአዋሽ ወንዝ ላይ ነው። ቆቃ አንዳንድ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ሳይኖባክቴሪያ በሚባሉ ደቂቅ ሕዋሳት መብዛት ነው። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚያመነጩት ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ ውሃውን በማፍላት አይጠፋም።

የሐይቆች መለወጥ፦ በመተሐራ አጠገብ ያለው ጨዋማው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረ ሲሆን በኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል። በተቃራኒው አብያታ ሐይቅ እየሸሸ ነው። አብያታ ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ በኩል ውሃ ስለሚያገኝ፣ በዝዋይ (ባቱ)፣ በመቂና በቀታር ወንዞች ዙሪያ ለመስኖ የሚሳበው ውሃ ሲበዛ የሚደርሰው ይቀንሳል። ከበሰቃ በቀር እነዚህ ሐይቆች የአዋሽ ተፋሰስ አካል አይደሉም፤ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ ናቸው። የሚያሳዩት ግን ያው ጉዳይ ነው፤ ከላይ የሚወሰደው ውሃ ከታች ይጎድላል።

ታሪክ

በኢትዮጵያ መንግሥታዊ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ በስፋት የተጀመረው ከ1965–66 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ ነው። በደርግ ዘመን ገበሬዎች በገበሬ ማኅበራት እየተደራጁ፣ በእህል ክፍያ፣ ብዙ እርከን ሠርተዋል፤ ችግኝም ተክለዋል። ይሁን እንጂ እቅዱ ከላይ የወረደ ስለነበር ገበሬው ሥራውን እንደ ራሱ አላየውም። መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ሲለወጥ በብዙ ቦታ እርከኑ ፈረሰ፤ ዛፉም ተቆረጠ።

ከዚህ ልምድ በመነሣት የግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር በ1997 ዓ.ም. የአሳታፊ ተፋሰስ ልማት መመሪያ አወጣ። መመሪያው የእቅዱን መነሻ ከ200 እስከ 500 ሄክታር በሚሆን አነስተኛ ተፋሰስ ላይ ያደርጋል፤ ነዋሪዎቹ በእግራቸው ዞረው የሚያውቁትና ሁሉም በስም የሚተዋወቅበት መጠን ማለት ነው። በዚያው ዓመት የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በምግብ እጥረት ለሚቸገሩ ቤተሰቦች እህል ወይም ገንዘብ እየከፈለ በእነዚህ ሥራዎች ያሳትፋል። ከ2003 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ደግሞ ከመኸር በኋላ ባሉት ወራት ገበሬው ያለ ክፍያ የሚሳተፍበት የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በየዓመቱ ይካሄዳል። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ አሻራ የችግኝ ተከላ ተጨምሮበታል።

ሥራው እንዴት ይካሄዳል?

በመጀመሪያ የቀበሌው ነዋሪ በጠቅላላ ጉባኤ የተፋሰስ ኮሚቴ ይመርጣል። ኮሚቴው ከግብርና ልማት ሠራተኛው ጋር ከላይ እስከ ታች እየዞረ ቦረቦሩን፣ ምንጩን፣ የግጦሽ ቦታውንና ማሳውን በካርታ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ እቅዱ ለነዋሪው ቀርቦ ይጸድቃል።

ሥራው ከላይ ይጀምራል። ከታች ተጀምሮ ቢሆን፣ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ አዲሱን ክትር ጠራርጎ ይወስደው ነበር። የተለመዱት ሥራዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• በተዳፋቱ አናት ላይ ውሃ የሚያቁሩ ጉድጓዶች፣ ግማሽ ጨረቃዎችና የድንጋይ እርከኖች፤
• በማሳ ላይ የአፈር እርከን፤ ከእነዚህም አንዱ አፈሩ ወደ ላይኛው ጎን የሚጣልበትና ከኬንያ የመጣው ፋንያ ጁ ነው፤
• በቦረቦር ውስጥ የድንጋይ፣ የእንጨት ወይም የጋቢዮን ክትሮች፤
• እርከኑን የሚያጸኑ ሣርና ቁጥቋጦ፣ ለምሳሌ ቬቲቨርና ለመኖ የሚሆኑ ተክሎች፤
• በጣም የተራቆተውን ቦታ ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ ማድረግ፤
• በወንዝ ዳር ሳይታረስ የሚተው የሣርና የዛፍ መቀነት።

የእነዚህ ሥራዎች ጥቅም በቀላል ስሌት ይታያል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ሄክታር ላይ ሲወርድ 10 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። በ300 ሄክታር ተፋሰስ ላይ በአንድ ከሰዓት 40 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 120,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይወርዳል። መሬቱ ተራቁቶ ግማሹ በጎርፍ ቢሄድ 60,000 ሜትር ኩብ አፈር እየጠረገ ወደ ታች ይሮጣል። እርከኑና ሣሩ ይህን ወደ ዝናቡ ሩብ ቢያወርዱት ተጨማሪ 30,000 ሜትር ኩብ ውሃ በመሬቱ ይቀራል፤ ከዚህ የተወሰነው ሰርጎ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል።

መተዳደሪያ ደንብና ባህላዊ ተቋማት

ከቁፋሮው ይልቅ የሚከብደው የተሠራውን መጠበቅ ነው። ለዚህ ነዋሪዎች የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ ያወጣሉ። ደንቡ የተከለከለ ቦታ ከብት የለቀቀ ሰው ምን እንደሚቀጣ፣ ሣሩ መቼ እንደሚታጨድና ለማን እንደሚደርስ፣ ጥበቃውን ማን እንደሚከፍል ይወስናል። ከብትን ወደ ግጦሽ በመልቀቅ ፋንታ ሣሩን አጭዶ በቤት መመገብ የተለመደው መፍትሔ ነው።

አለመግባባት ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚያስታርቁት የአገር ሽማግሌዎች (በኦሮምኛ ጃርሳ ቢያ) ናቸው። ደቦና እድርም ሰው ለጋራ ሥራ የመጥራት የቆየ ልምድ አላቸው። በኦሮሞ ባህል ዛፍ፣ ወንዝና መልካ ክብር ያላቸው ሲሆን በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ በየዓመቱ የሚከበረው ኢሬቻም በውሃ ዳር የሚፈጸም ምስጋና ነው።

የሕግ መሠረት

የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 የአገሪቱ ውሃ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት መሆኑን ይደነግጋል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይ ፍሳሽ መልቀቅን ይከለክላል። የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ያዝ ነበር። አዋጅ ቁጥር 534/1999 የተፋሰስ ምክር ቤቶችንና ባለሥልጣኖችን ያቋቋመ ሲሆን የአዋሽ ተፋሰስ ባለሥልጣን በዚህ መሠረት ተቋቁሞ ነበር፤ ሥራው በኋላ ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ተዛውሯል። አዋጅ ቁጥር 1223/2012 ደግሞ በአነስተኛ ተፋሰስ ውስጥ የሚኖሩ ተጠቃሚዎች በሕግ ሰውነት ባለው ማኅበር ተደራጅተው ያለሙትን እንዲያስተዳድሩና እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል።

አከራካሪ ጉዳዮች

የመጀመሪያው ጥያቄ ሥራውና ጥቅሙ በእኩል አለመከፋፈላቸው ነው። በኮረብታው ላይ ያለው ገበሬ ጉልበቱን ይሰጣል፤ እርከኑ ከማሳው ጠርዝ ይወስድበታል፤ የከብቶቹም ግጦሽ ይጠብበታል። የጎርፍ መቀነስና የውሃ መጣራት ግን በቅድሚያ የሚደርሰው ለከተማው፣ ለመስኖውና ለኃይል ማመንጫው ነው። ገበሬው ከሣር፣ ከንብ ማነብ፣ ከፍራፍሬ ወይም ከምንጭ ውሃ የራሱን ድርሻ ካላገኘ እርከኑ ሳይጠገን ይቀራል።

ሁለተኛው በክፍያ የሚሠራው ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ ማለቁ፣ በዘመቻ የሚሠራው ደግሞ በሜትርና በችግኝ ቁጥር ብቻ መለካቱ ነው። የተተከለ ችግኝ ሁሉ አይጸድቅም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስንቱ እንደ ቆመ የሚያሳየው ቆጠራ ከተከላው ቁጥር የተሻለ መለኪያ ነው።

ሦስተኛው ገበሬው ብቻውን ሊፈታው የማይችለው የፍሳሽ ጉዳይ ነው። እርከን አፈርን ይይዛል እንጂ የፋብሪካን ኬሚካል አያስቆምም። ለዚያ የማጣሪያ ተቋም፣ ቁጥጥርና የሕግ ተፈጻሚነት ያስፈልጋል።

አራተኛው በታችኛው ተፋሰስ ያሉ አርብቶ አደሮች ድምፅ ነው። በፈንታሌ አካባቢ የሚኖሩት ከረዩዎች በመተሐራ የሸንኮራ እርሻና በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ምክንያት የበጋ ግጦሻቸውና ወደ ወንዙ መድረሻቸው ጠቧል። ስለ ወንዙ በሚደረግ ስምምነት ውስጥ የእነርሱ ቦታ ከገበሬውና ከከተሜው ያላነሰ ነው።

ተመሳሳይ ተሞክሮዎች

በትግራይ የአብርሃ ወአጽብሃ ነዋሪዎች ተራራቸውን ከልለው፣ ክትርና ጉድጓድ ሠርተው የከርሰ ምድር ውሃቸውን መልሰው በማግኘታቸው በ2012 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሚሰጠውን የኢኳተር ሽልማት አግኝተዋል።

በሕንድ ቻንዲጋር ከተማ ያለው የሱኽና ሐይቅ በ1958 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ ብዙም ሳይቆይ በደለል መሞላት ጀመረ። ደለሉ ከሚመጣባቸው መንደሮች አንዱ ሱኮማጅሪ ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለመንደሩ አነስተኛ ግድብ ተሠራለት፤ መሬት የሌለውን ጨምሮ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የውሃ ድርሻ ተሰጠው፤ በልዋጩም ነዋሪዎቹ በኮረብታው ላይ ልቅ ግጦሽ አቆሙ። አጥር ሳይታጠር ኮረብታው አገገመ፤ ወደ ሐይቁ የሚገባው ደለልም ቀነሰ። የሱኮማጅሪ ልምድ ከላይ ያለው ሰው ከጥበቃው የራሱ ጥቅም ሲኖረው ሥራው ያለ ዘበኛ እንደሚጸና ለማሳየት በተፋሰስ ጥናት ውስጥ በተደጋጋሚ ይጠቀሳል።