ደንገሉ የጣና፣ ሸራው የሌላ

ከአዲስ አበባ ወደ ሰንዳፋ ሲጓዙ የለገዳዲን ሰው ሠራሽ ሐይቅ የተመለከቱ ተማሪዎች፣ «በዚህ ላይ የሸራ ጀልባ እሽቅድምድም ቢካሄድስ?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ለፈገግታ ይጋብዝ እንደሆነ እንጂ ከንቱ አይደለም። የለገዳዲ ውኃ የመዲናዋ ሕዝብ የሚጠጣው በመሆኑ ለስፖርት መዋሉን አንደግፍም፤ በቡራዩ አቅራቢያ ስላለው ገፈርሳም የምንለው ይህንኑ ነው። ፊዚክሱን ግን እንመርምረው።

ሰንዳፋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየር እፍግታ፣ በእኩል ሙቀት ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር፣ ሩብ ያህል ያንሳል። ነፋስ በሸራ ላይ የሚያሳርፈው ኃይል ደግሞ በአየሩ እፍግታና በነፋሱ ፍጥነት ካሬ ይወሰናል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ የሚሰጠውን ኃይል በሰንዳፋ ለማግኘት 23 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚነፍስ ያስፈልጋል፤ አለዚያም የሸራውን ስፋት በሲሶ መጨመር ይበቃል። ስሱ አየር ሱሉልታ ላይ ለሚለማመዱ ሯጮቻችን ጉልበት ከሆነ፣ ለሸራ ጀልባ ተወዳዳሪ የጨርቅ ወጪ ነው ማለት ነው!

ዋናው ቁም ነገር ያለው ሌላ ዘንድ ነው። ነፋስ ወደሚነፍስበት አቅጣጫ መጓዝ ቀላል ነው። ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ መጓዝስ እንዴት ይቻላል? በትክክል የተወጠረ ሸራ እንደ አውሮፕላን ክንፍ አየሩን ወደ አንድ ጎን ያጥፈዋል፤ በኒውተን ሦስተኛ ሕግ መሠረትም አየሩ ሸራውን ወደ ተቃራኒው ጎን ይገፋዋል። የዚህ ግፊት አብዛኛው ክፍል ጀልባውን ወደ ጎን፣ ጥቂቱ ደግሞ ወደ ፊት ይወስዳል። ከጀልባው ሆድ ወደ ውኃው የሚወርድ ሳንቃ የጎኑን ግፊት ሲከላከል፣ የፊቱ ብቻ ይቀራል። እንዲያም ሆኖ በቀጥታ ወደ ነፋሱ መሄድ አይቻልም፤ 45 ዲግሪ ያህል እያዘነበሉ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየተጠማዘዙ ነው።

የጣናው ታንኳ ይህ ሳንቃ የለውም። ጠፍጣፋና ቀላል ስለሆነ ሸራ ቢተከልበት ወደ ጎን ይንሸራተታል። በዘንግና በመቅዘፊያ መነዳቱ ታዲያ ያለ ምክንያት አይደለም። ቁሳቁሱ ግን የሚናቅ አልነበረም። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና በተወሰደ ደንገል «ራ» የተባለች ጀልባ አሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮዋ የሳፊ ወደብ ተነሣ፤ ደንገሉ ውኃ እየጠጣ፣ የኋላዋ ክፍል እየሰመጠ፣ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘች በኋላ ተተወች። በሚቀጥለው ዓመት «ራ ሁለት» አትላንቲክን በ57 ቀናት አቋርጣ ባርባዶስ ደረሰች። ሁለቱም ሸራ ነበራቸው፤ የተጓዙትም ከነፋሱና ከውኃው ሞገድ ጋር ነበር። የመጀመሪያዪቱን የሠሩት ከቻድ ሐይቅ፣ ሁለተኛዪቱን ከቲቲካካ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። የጣና ታንኳ ሠሪዎች እጅ አለመኖሩ ዛሬም ይቆጨናል።

«ባሕር የለንምና» የሚለው ምክንያት ብዙም አያሳምነንም። ባሕር አልባዋ ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2003 በአሊንጊ ጀልባ፣ ከ1851 ጀምሮ የሚካሄደውን የአሜሪካ ዋንጫ ወሰደች፤ በ2007ም ደገመችው። የ2003ቱ መሪ ኒውዚላንዳዊው ራስል ኩትስ መሆኑን እያነሡ የሚያሽሟጥጡ ነበሩ፤ ነገር ግን የጀልባዋን ቅርጽና ቁስ በማጥናት የሎዛን ፌዴራል ፖሊቴክኒክ ተመራማሪዎች ተሳትፈዋል። ይህ ለሳይንስ ተማሪ ከዋንጫው ይበልጣል።

እኛ ከየት እንጀምር? ጣና ሰፊ ነው፤ ሆኖም ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ በነፋስ ጊዜ አጫጭርና ቀጥ ያሉ ማዕበሎች ይነሡበታል፤ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻው የተንሰራፋው እንቦጭም የጀልባውን ሳንቃ ይተበትበዋል። ቢሾፍቱ አጠገብ ያለው ባቦጋያ ለሰንዳፋ ተማሪዎች ይቀርባል፤ የንግድ መርከበኞች ማሠልጠኛም ዳርቻው ላይ አለ። የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ በመሆኑ ግን ዙሪያውን የከበበው ገደል ነፋሱን ይሰባብረዋል፤ ጥልቀቱም ከ60 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ሸራ ከመግዛት በፊት ለተማሪው ዋና ማስተማር፣ ጀልባ ላይ የሚወጣውንም ሁሉ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ማልበስ ይቀድማል።