ከማሳው እስከ ጉድጓዱ፦ ማዳበሪያና የሙያ ኃላፊነት

ማዳበሪያ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በጆንያ ተሞልቶ ከኅብረት ሥራ ማኅበር የሚመጣውን ዩሪያ ነው። ይሁን እንጂ ለሰብሉ ሥር ናይትሮጅኑ ከፋብሪካ ይምጣ ከበረት ልዩነት የለውም፤ ሥሩ የሚቀበለው በአብዛኛው አሞኒየምና ናይትሬት በተባሉት መልኮች ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ማሳው ላይ የጨመርነው እያንዳንዱ ግራም ናይትሮጅን የት ደረሰ? ብለን ነው።

በፊዚክስ እንደሚታወቀው ቁስ አካል መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም። እህሉ ያልወሰደው ናይትሮጅን ወይ በአፈሩ ውስጥ ቆይቷል፣ ወይ ወደ አየር ተንኗል፣ ወይም ከውኃ ጋር ሄዷል።

ወደ አየር የሚሄደው

ዩሪያ እርጥበት ሲያገኝ ዩሪዬዝ የተባለው ኢንዛይም ወደ አሞኒየም ይለውጠዋል። ፀሐይና ነፋስ ከበረቱ፣ የአፈሩም ፒ.ኤች. ከፍ ያለ ከሆነ፣ አሞኒየሙ አሞኒያ ጋዝ ሆኖ ያመልጣል። በመቀሌ ዙሪያ በስፋት ከሚገኘው የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የተገኘው አፈር በባሕርዩ አልካላይን ስለሆነ ለዚህ ብክነት የተመቸ ነው። ዩሪያን ወይም እርጥብ ፍግን በአፈሩ ገጽ ላይ በትኖ መተው የገበሬውን ገንዘብ ለነፋስ መስጠት ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። አመድንም ከዩሪያ ጋር ቀላቅሎ መበተን ፒ.ኤች.ን ከፍ ስለሚያደርግ ጉዳቱን ያባብሳል።

ወደ ውኃ የሚሄደው

ናይትሬት በውኃ በቀላሉ ይሟሟል፤ አፈሩም አጥብቆ አይዘውም። የመቀሌ ዝናብ ደግሞ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ተጠቃሎ ይወርዳል። 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ሔክታር ላይ 300 ሺህ ሊትር ውኃ ማለት ነው።

እስቲ አንድ ስሌት እንሥራ። 25 ኪሎ ግራም ዩሪያ ውስጥ 46 በመቶው፣ ማለትም 11.5 ኪሎ ግራም፣ ናይትሮጅን ነው። ይህ ሁሉ ወደ ናይትሬት ቢለወጥ 51 ኪሎ ግራም ገደማ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሬት ነው። እንግዲህ የሩብ ሔክታር ማሳ ዩሪያ አንድ ሚሊዮን ሊትር ንጹሕ ውኃን እስከ ወሰኑ ሊያደርስ ይችላል፤ አንድ አሥረኛው ብቻ ቢያመልጥ እንኳ መቶ ሺህ ሊትር። ከወሰኑ ያለፈ ናይትሬት በተለይ ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ ደም ኦክስጅን የመሸከም ችሎታውን ያዳክማል።

ለመቀሌ ከተማ የመጠጥ ምንጭ ሆኖ ሲያገለግል የኖረው የዓይናለም የጉድጓድ ውኃ የሚገኘው በተሰነጣጠቀ የኖራ ድንጋይና ተዛማጅ አለቶች ውስጥ ነው። ስንጥቅ ያለው አለት ውኃን አያጣራም፤ ላይ የተደፋውን በፍጥነት ወደ ታች ያደርሳል። በገጠሩ የተሠሩት አነስተኛ ግድቦችም ከዚህ ሥጋት ውጭ አይደሉም። ተመራማሪዎች በብዙዎቹ የትግራይ ግድቦች ውስጥ ማይክሮሲስቲስ የተባለውን፣ መርዝ ሊያመነጭ የሚችል ደቂቅ ሕይወት አግኝተዋል። ይህ ፍጥረት የሚፋፋው በጎርፍና በከብት እዳሪ አማካይነት ፎስፎረስና ናይትሮጅን በገባበት ውኃ ነው።

ምድጃና ማሳ

በደጋማው ትግራይ የማገዶ እጥረት ኩበትን ወደ ምድጃ ወስዶታል። የደረቀ እበት ከ1 እስከ 2 በመቶ ያህል ናይትሮጅን አለው። ስለዚህ 100 ኪሎ ኩበት ሲነድ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ዩሪያ የሚተካ ናይትሮጅን በጭስ ይሄዳል፤ ፎስፎረሱና ፖታሲየሙ በአብዛኛው በአመዱ ይቀራሉ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ የአፈር ጉዳይም ነው የምንለው ለዚህ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ ያሳዩት በዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና በሱ ኤድዋርድስ መሪነት ይንቀሳቀስ የነበረው የዘላቂ ልማት ተቋምና የክልሉ ግብርና ቢሮ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 ከጥቂት የገበሬ ማኅበረሰቦች ጋር የጀመሩት የብስባሽ ሥራ፣ ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው በእጅጉ የበለጠ፣ የኬሚካል ማዳበሪያ ካገኘውም የማያንስ ምርት ሊሰጥ እንደሚችል አሳይቷል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዘለቀው ጦርነት ወቅት የማዳበሪያ አቅርቦት ሲስተጓጎል በቅርብ የሚገኝ ማዳበሪያ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በግልጽ ታይቷል።

ኃላፊነት የተሞላበት አሠራር

የልማት ጣቢያ ሠራተኛም ሆነ የነገው የግብርና ባለሙያ የሚከተሉትን ሊያከብር ይገባል።

አንደኛ፣ አፈሩን ሳያውቅ መጠን አይዘዝ። በሔክታር 100 ኪሎ ዳፕና 100 ኪሎ ዩሪያ የሚለው ወጥ ምክር ለዋልካውም ለአሸዋማውም መሬት ለረጅም ዓመታት ሲሰጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት ዓላማው ይህን መለወጥ ነበር። በፍግ የገባው ንጥረ ነገርም ከጆንያው ሒሳብ ላይ መቀነስ አለበት።

ሁለተኛ፣ ዩሪያ ሰብሉ በሚፈልግበት ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጥ፤ ወዲያውም አፈር ይልበስ። ከባድ ዝናብ ሲያንዣብብ አይበተን።

ሦስተኛ፣ ፍግ በሚገባ ይብላላ። ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ለቀናት የቆየና በየጊዜው የተገላበጠ ክምር አብዛኞቹን የበሽታ ተሕዋስያንና የአረም ዘሮች ይገድላል።

አራተኛ፣ ክምሩም ሆነ ብተናው ከጉድጓድ፣ ከምንጭና ከግድብ ይራቅ፤ በዳገትም ላይ እርከን ሳይኖር አይሞከር።

ምክር የሚሰጠው ባለሙያ የሚታየው የማሳው ባለቤት ብቻ ነው። ከታች ካለው ጉድጓድ የምትቀዳው እናት ግን በማዳበሪያው መጠን ላይ አልተማከረችም። ለእርሷም ጭምር ማሰብ የሙያው ግዴታ ነው።