ሣጥኑን እንክፈት

ከወዳጆቻችን አንዱ የፎገራ ገበሬ ልጅ ነው። ለምርቃቱ አዲስ ሙሉ ልብስ ካልተገዛልኝ ብሎ ስላስቸገረ፣ አባቱ ለዘር ያስቀመጡትን ሩዝ ወረታ ገበያ አውጥተው ሸጡ። ልጁ ልብሱን የለበሰው አንድ ቀን ነው፤ አባት ግን በክረምቱ ዘር ተበድረው ዘሩ። ይህን የምናነሣው ወዳጃችንን ለመውቀስ አይደለም፤ እኛም ከዚህ ጥፋት ነፃ አይደለንምና። ነገር ግን በዚያው ቤት፣ በሣጥን ውስጥ፣ አባቱ በወጣትነታቸው የለበሱት ኮት ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር።

የልብስ ነገር ለተማሪ አዲስ ጥያቄ አይደለም። በመጋቢት ወር 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርዒት ሲደረግ፣ ተማሪዎች የባዕድ ባህል ጭነት ነው ብለው ተቃውመዋል። እኛ ዛሬ የምንጠይቀው ከዚያ ያነሰ፣ ለኪስ ግን የቀረበ ነው፤ ይኸውም ባለን ልብስ የቀድሞውን ወግ ይዘን እንዴት አምሮብን እንታይ የሚለው ነው።

በመጀመሪያ በቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን አሮጌ ፎቶግራፍ ልብ ብለን እንመልከት። የሱሪው ስፋት፣ የኮሌታው አቆራረጥ፣ የኩታው አጣጣል ሁሉ ከዚያ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ ኮቱን እንለካ። መታየት ያለበት ትከሻው ነው። ትከሻው ከገጠመ እጅጌውን ማሳጠር፣ ወገቡን ማጥበብ ለልብስ ሰፊ ቀላል ሥራ ነው፤ ትከሻው ካልገጠመ ግን ድካሙ ከንቱ ነው። የሸሚዝ ኮሌታ ቢበላም አይጣልም፤ ተፈትቶ፣ ተገልብጦ ቢሰፋ እንደ አዲስ ያገለግላል። ሰፊውን ሱሪ ወገቡን ከኋላ ስፌቱ እናስጠብበው፤ እግሩን ግን አንንካው፤ የዘመኑ መልክ እርሱ ነውና።

ኩታና ነጠላ ያለው ሰው ደግሞ ብዙ ልብስ አለው ማለት ነው። ለደስታ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለሐዘን ወደ ላይ፣ ወደ ፊት ይወጣል፤ ለቤተ ክርስቲያን መስቀልያ ይጣፋል፤ በትልቅ ሰው ፊት ይደገደጋል። እንግዲህ ልብሱ አንድ ሲሆን አለባበሱ ብዙ ነው። ይህን ሳያውቅ ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ሠርግ የሚሄድ ተማሪ እናቱን ያስደነግጣል።

ቀሚሱ አርጅቶ ጥለቱ ደኅና ከሆነ፣ ጥለቱን ፈትቶ በሌላ ነጭ ቀሚስ ላይ መስፋት ይቻላል። ነገር ግን መቀስ ከማንሣታችን በፊት እናታችንን እንጠይቅ፤ ለእኛ አሮጌ የመሰለን ለእርሷ የሠርጓ ቀን ሊሆን ይችላል።

የፎገራ ዋልካ ለነጭ ልብስ ጠላት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ጭቃውን በእርጥቡ ማሸት ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ስለዚህ ደርቆ ይራገፍ፣ ኋላ ይታጠብ። እንዶድ ያለው በእንዶድ ይጠብ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ ለቢልሃርዚያ መከላከያ የሚሆን ነገር ያገኙት ከዚሁ ነው። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል፣ እጣቢውን በርብና በጉማራ ወንዞች ውስጥ አንድፋ።

ውድ ጓደኞቻችን፣ የምርቃት ጊዜ ሲደርስ ወደ ሱቅ ከመሄዳችን በፊት ሣጥኑን እንክፈት። የአባቱን ኮት አስተካክሎ የለበሰ ልጅ አያፍርም፤ የአባቱም ዘር ከጎተራው አይወጣም።